እንግሊዝኛ እያወቅን አፋችን ለምን ይተሳሰራል?

እንግሊዝኛ ፈተና ላይ አሪፍ ውጤት የሚያመጣ ተማሪ፣ በቋንቋው ራሱን እንዲያስተዋውቅ ሲጠየቅ ላብ ላብ ሊለው ይችላል። አጠገቡ ያለው ደግሞ ሰዋስዉን እየሰባበረም ቢሆን ይግባባል። ታዲያ የመጀመሪያው "እንግሊዝኛ አይችልም" ሊባል ነው? እስቲ ስንናገር ጭንቅላታችን ውስጥ ምን እንደሚከናወን እንይ።

የኔዘርላንዱ ተመራማሪ ቪለም ሌቨልት እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ ንግግርን በሦስት ደረጃዎች አስረድቷል፦ መጀመሪያ የምንለውን እናስባለን፤ ቀጥሎ ቃላት መርጠን በሰዋስው እናያይዛለን፤ በመጨረሻ በድምፅ እናወጣዋለን። በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ሁለቱ የኋለኞቹ ሥራዎች ብዙም ሳናስብባቸው ይከናወናሉ። በውጭ ቋንቋ ግን "ግሡ ያለፈ ጊዜ ነው ወይስ የአሁን?" እያልን ለእያንዳንዷ እርምጃ መጠንቀቅ አለብን። አእምሯችን ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ነገር ውስን ነው።

ፍርሃት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። "ተሳሳትኩ እንዴ? እየሳቁብኝ ይሆን?" የሚለው ሐሳብ ያችኑ ጠባብ ቦታ ይሻማል። ስለዚህ ቃሉን እያወቅነው ስንፈልገው እናጣዋለን። ስንጽፍ ተመልሰን ማስተካከል እንችላለን፤ ስንናገር ግን ሰው ፊታችን ቆሞ እየጠበቀን ነው።

ኢሌን ሆርዊትዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን ጭንቀት የሚለካ 33 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ አቀረቡ። ከጭንቀቱ ጋር ካያያዟቸው ነገሮች አንዱ "ሰው ምን ይለኛል" የሚል ስጋት ነው። እኛ ይሉኝታ ከምንለው ጋር ይዛመዳል።

ይሉኝታን ደግሞ ብቻችንን አንፈጥረውም። ብዙ ክፍሎች ውስጥ የተሳሳተ ይሳቅበታል፤ አሳምሮ የተናገረም "ጉራ ነው" ይባላል። በሁለቱም በኩል ዝም ማለት ያዋጣል ማለት ነው! የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተናም ምርጫ ስለሆነ አፍን ማፍታታት ነጥብ አያስገኝም።

የመምህሩ ትዕግሥትም ለውጥ ያመጣል። አሜሪካዊቷ ሜሪ በድ ሮው የሳይንስ ክፍሎችን ስታጠና፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል መሆኑን አስተዋለች። ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት ግን የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ሳይጠየቁ የሚናገሩም በዙ። በውጭ ቋንቋ ለሚያስብ ተማሪማ አንድ ሰከንድ ምን ትበቃዋለች?

ፒተር ማክኢንታየርና ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳስረዱት፣ ቋንቋ መቻልና ለመናገር ፈቃደኛ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፈቃደኝነቱ እንደ ሰዓቱና እንደ አድማጩ ይለዋወጣል። ከጓደኛዋ ጋር የምትለፈልፍ ልጅ ክፍል ፊት ስትቆም ዝም ልትል ትችላለች።

ስለዚህ ልምምዱን ከማትፈሩት ሰው ጋር ጀምሩ። አንድ ታሪክ ምረጡና ለአንድ ጓደኛችሁ በ4 ደቂቃ፣ ለሌላው በ3፣ ለሦስተኛው በ2 ደቂቃ ተናገሩ። የምትሉትን ስለምታውቁት ትኩረታችሁ ለቃላቱ ይተርፋል። ሰሚ ስትሆኑ ደግሞ አትሳቁ፤ ቃሉንም አትንጠቁ። በልባችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩና ጠብቁት።