1,000 የሚል ወረቀት ስንት ያወጣል? የቼክ ገንዘብ በላሊበላ ገበያ

የሳምንቱን የቡናና የእህል ዋጋ እንደተለመደው ማታ እለቃለሁ። አሁን ግን ዋጋ አውቃለሁ ብዬ የተሳሳትኩበትን ነገር ላጫውታችሁ። ከእንግዳ ጋር ለሚሠራም፣ ራሱ ወደ ውጭ ለሚሄድም ይጠቅማል።

ባለፈው የገና ሰሞን ነው። ላሊበላ በእንግዳ ሞልታለች። ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ላይ ገብስ እያስመዘንኩ አንድ የሰፈራችን ልጅ መጣ። በቅሎ እየመራ እንግዶችን አሸተን ማርያም ድረስ የሚያወጣ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» ብሎ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ የአንድ ሰውዬ ምስል ያለበት፣ 1,000 የሚል። ትናንት በበቅሎ ያወጣው ፈረንጅ ሲሰናበተው በጉርሻ መልክ የሰጠው ነው። አንድ ባለሱቅ «700 ብር ልስጥህ» ብሎታል።

ወረቀቱ ላይ «ኮሩን» የሚል ቃል አነበብኩ። የባንክ ሰሌዳ ላይ የስዊድን «ክሮና» ሁልጊዜ ስለማይ ያው እሱ ነው አልኩ። ስልኬ ላይ ሒሳቡን መታሁት፤ 1,000 የስዊድን ክሮና ወደ 90 ዩሮ ይመጣል። «እንዳትሸጥ! ይሄ ብዙ ብር ነው» አልኩት። ልጁ ደስ ብሎት ሁለት ኩንታል ገብስ በዱቤ አነሳ፤ አንዱ ለበልግ ዘር፣ አንዱ ለቤት ቀለብ። ዋሱ እኔ ነኝ። የደላላ ሀብቱ አፉ ነውና ነጋዴው ሳያንገራግር ሰጠው።

ከዚያ ባንክ ሄድን። ገንዘብ ከፋይዋ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ይሄ የስዊድን አይደለም፣ የቼክ ነው። እኛ አንገዛውም» አለች። ሌላ ባንክ ሞከርን፤ መልሱ ያው። የልጁ ፊት ሲለዋወጥ እያየሁ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ስህተቴ ከስሙ ነው የመጣው። ኮሩና ማለት «ዘውድ» ነው። ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክና ቼክ ሁሉም ገንዘባቸውን ዘውድ ብለው ነው የሚጠሩት። ስሙ አንድ፣ ዋጋው ግን ለየቅል ነው። ቼክ የአውሮፓ ኅብረት አባል ከሆነች ከ2004 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ቢሆንም እስካሁን ዩሮ አትጠቀምም። ከስሎቫኪያ ጋር ከተለያየች በኋላ በ1993 ያወጣችውን ኮሩና ይዛ ቀጥላለች። ወረቀቶቹ 100፣ 200፣ 500፣ 1,000፣ 2,000 እና 5,000 ናቸው። 50 እና ከዚያ በታች ሳንቲም ነው። ሒሳቡን በጭንቅላት ለመያዝ 25 ኮሩና አንድ ዩሮ ገደማ ነው በሉ። ስለዚህ የልጁ 1,000 ወደ 40 ዩሮ ነው። ዩሮ በ150 ብር ቢመነዘር እንኳ 6,000 ብር ይሆናል። እኔ ካልኩት ከግማሽ በታች፣ ባለሱቁ ካለው ደግሞ ከስምንት እጥፍ በላይ!

ታዲያ 40 ዩሮ የሚያወጣ ገንዘብ ለምን ላሊበላ ላይ ገዢ አጣ? ቆጮን አስቡት። ጉራጌ አገር የከበረ ምግብ ነው። ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ብታወጣው ግን ማን ይገዛሃል? ምግቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ የሚበላው ሰው እዚህ ስለሌለ ነው። ኮሩናም እንደዚያው ነው። ባንኩ ቢገዛው ለማን መልሶ ይሸጠዋል? ገዢ የሌለው ዕቃ ደግሞ ወይ አይሸጥም፣ ወይ በ700 ብር ይሄዳል።

መፍትሔው ከአንድ አስጎብኚ ጓደኛዬ ተገኘ። «እንግዶቹ እስከ ነገ አሉ፤ ለምን ለራሱ አትመልሱለትም?» አለን። ማታ ሆቴላቸው ሄድን። ሰውዬው ነገሩ ሲገባው በጣም አፈረ፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለት ባለ 20 ዩሮ ሰጠው። እሱ አገሩ ገብቶ ዳቦ ይገዛበታል፣ ምንም አልጎደለበትም። ሰኞ ዩሮውን ባንክ መነዘርን። ብሩ የአንዱን ኩንታል ዕዳ ዘጋ። ልጁ «ሌላውን ለመኸር እከፍላለሁ» ቢለኝም የሁለተኛውን እኔ ከፈልኩ። ያን ኩንታል የገዛው የእኔ አፍ ነዋ።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። የቡናችን ዋጋ የሚቆረጥበት «ዶላር» የሚለው ስም ራሱ ከቼክ ምድር የወጣ ነው። ዛሬ ያኺሞቭ የምትባል፣ በጀርመንኛ ዮአኪምስታል ትባል የነበረች የብር ማዕድን ከተማ አለች። በ1500ዎቹ መጀመሪያ እዚያ የተመታው ሳንቲም «ታለር» ተባለ፤ ዶላርም ከዚያ መጣ። አያቶቻችን በጠገራ ብር የሚገበያዩበት ማርትሬዛም ታለር ነው፤ ፕራግ ውስጥም የተመታበት ጊዜ ነበር። አያቶቻችን ጠገራውን ሲቀበሉ የንግሥቲቱን ጌጥ ዶቃዎች በደንብ መታየታቸውን እያጣሩ፣ የተፋቀውን ይመልሱ ነበር። እኛ ግን ቁጥሩን ብቻ አይተን እንዘላለን።

አሁን ወደ ተግባሩ፦

1. ጉርሻ ስትቀበሉ የየት አገር ገንዘብ እንደሆነ እዚያው ጠይቁ። ዩሮ ወይም ዶላር ካልሆነ በትህትና በብር እንዲሆን ጠይቁ። ሳንቲም ከሆነማ የዩሮውንም ባንክ አይቀበላችሁም።

2. ከባንክና ፈቃድ ካለው ምንዛሪ ቢሮ ውጭ አትመንዝሩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው በገበያ ስለሚወሰን ባንክ ከባንክ ይለያያል፤ ሁለት ቦታ ጠይቁ።

3. ፕራግ የምትሄዱ ካላችሁ ሰሌዳው ላይ «መግዣ» እና «መሸጫ» የሚለውን ለዩ። ዩሮ ይዛችሁ ስትገቡ ሻጭ እናንተ ናችሁ፣ የሚመለከታችሁ የእነሱ መግዣ ነው። እንበል መግዣ 20፣ መሸጫ 25 ቢል በ100 ዩሮ የሚደርሳችሁ 2,500 ሳይሆን 2,000 ነው። «ኮሚሽን የለም» ቢሉም ኮሚሽኑ እዚያ ልዩነት ውስጥ ተደብቋል። ብር ከመስጠታችሁ በፊት «በእጄ ስንት ይገባል?» በሉ። ከተሸወዳችሁም ደረሰኙን ያዙ፤ ከ2019 ጀምሮ እስከ 1,000 ዩሮ የሚደርስን ምንዛሪ በሦስት ሰዓት ውስጥ መሰረዝ በሕጋቸው ተፈቅዷል።

4. መንገድ ላይ ከሚመነዝር ሰው አትቀበሉ። በ1990ዎቹ የታተሙ አሮጌ የኮሩና ወረቀቶችም ከ2022 አጋማሽ ወዲህ ሱቅ ውስጥ አይሠሩም፤ በ2013 ዓ.ም. የእኛ አሮጌ መቶ ብር እንደቀረው ማለት ነው።

ልጁ አሁንም በቅሎውን ይመራል። ጉርሻ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየት አገር ነው?» ብሎ ነው። እኔም የማላውቀውን ዕቃ ዋጋ ሲጠይቁኝ «ቆይ ላጣራ» ማለት ለምጃለሁ። ለአስጎብኚና ለበቅሎ ሠራተኛ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። ማታ በዋጋ እንገናኝ።