የወቅት ሠራተኛውን ቦነስ ማን ይክፈል?

በበና ፀማይ ወረዳ የምትገኘው አልዱባ በማክሰኞ ገበያዋ ትታወቃለች። የበና፣ የፀማይ፣ የሐመርና የአሪ ተወላጆች እህላቸውን፣ ማራቸውንና ከብታቸውን ይዘው ይገናኙባታል። እንዲህ ባለ ገበያ ከሸቀጡ ጎን ለጎን የሥራ ወሬም ይሰማል። የትኛው እርሻ ሰው እንደሚፈልግ፣ ለቀማ መቼ እንደሚጀመር፣ በኪሎ ስንት እንደሚከፈል ይነገራል። ወረዳው በወይጦ ሸለቆ የመስኖ ጥጥ እርሻዎች ያሉበት በመሆኑ የጉልበት ፍላጎቱ በየዓመቱ በምርት መሰብሰቢያ ወቅት ከፍ ይላል።

ለዚህ ሥራ የሚቀጠረው ሰው ብዙውን ጊዜ የወቅት ሠራተኛ ነው። ከእርሻው ጋር በቀጥታ የሚዋዋልበት ጊዜ አለ። በደላላ፣ በካቦ ወይም በሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት በኩል የሚገባበትም ጊዜ አለ። የዕለት ክፍያው ሲዘገይ ጥያቄው ወዲያው ይነሳል። ቦነስና ማበረታቻ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ የሚታሰቡ በመሆናቸው በመሐል የመጥፋት ዕድላቸው ሰፊ ነው።

እንበል፣ አንድ እርሻ “ከተመደበው ኪሎ በላይ ለለቀመ ተጨማሪ ክፍያ፣ ዓመቱ ከተሳካም ቦነስ አለ” ብሎ አስነገረ። ለቀማው አልቆ ሠራተኛው ሲጠይቅ እርሻው “ለአቅራቢው አስረክቤያለሁ” ይላል። አቅራቢው ደግሞ “እርሻው አልሰጠኝም” ይላል። በደቦ አርሶ የሚያውቅ ገበሬ እንዲህ ያለ ግራ መጋባት አይገጥመውም። በደቦ የማሳው ባለቤት ይታወቃል፤ ድግሱም የእርሱ ነው። በቅጥር ሥራ ግን የማሳው ባለቤትና በሕግ አሠሪ የሆነው አካል ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ደመወዝን ሠራተኛው ለሚሠራው ሥራ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ አድርጎ ይተረጉማል። ቦነስ፣ ኮሚሽንና ለተጨማሪ የሥራ ውጤት የሚከፈል ማትጊያ በደመወዝ ውስጥ አይቆጠሩም። አንዳንድ አሠሪዎች ይህን ይዘው “ቦነስ በፈቃዳችን የምንሰጠው ነው” ሲሉ ይደመጣል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ሕጉ ማንኛውም አሠሪ ቦነስ እንዲሰጥ አያስገድድም። ነገር ግን በሥራ ውል፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በድርጅቱ የሥራ ደንብ ቃል ከተገባ ቦነሱ ችሮታ መሆኑ ይቀራል፤ ዕዳ ይሆናል። ከደመወዝ ትርጉም መውጣቱ በደመወዝ ላይ ተመሥርተው በሚሰሉ ክፍያዎች ውስጥ እንዳይገባ ያደርገዋል እንጂ የገባውን ቃል አያፈርስም።

በኪሎ የሚለቅም ሠራተኛም አንድ ልዩነት ማወቅ ይኖርበታል። በኪሎ የተቆረጠው መደበኛ ዋጋ ደመወዙ ነው። ከተወሰነው መጠን በላይ ላመጣው የሚጨመርለት ማትጊያ ነው። የዓመቱ ውጤት ታይቶ የሚሰጠው ደግሞ ቦነስ ነው። ሦስቱ በአንድ ስም ከተጠሩ ማን የትኛውን እንዳልከፈለ መለየት ያስቸግራል።

ከፋዩ ማን ነው?

መልሱ የሚጀምረው ከሥራ ውሉ ነው። አገናኙ ሰው ሠራተኛውንና እርሻውን አገናኝቶ ከሄደ የውሉ ተዋዋይ አይደለም። አሠሪው እርሻው ነው፤ ቃል የተገባውን ቦነስም የሚከፍለው እርሻው ነው። ኤጀንሲው በራሱ ስም ቀጥሮ ሠራተኛውን ለእርሻው የሚያሰማራ ከሆነ ግን የሠራተኛው አሠሪ ኤጀንሲው ነው። ሠራተኛው በቅድሚያ የሚጠይቀውም እርሱን ነው። ኤጀንሲው ገንዘቡን ከእርሻው የሚያገኝበት መንገድ በሁለቱ የአገልግሎት ውል የሚወሰን የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ችግሩ የሚከፋው እርሻው ለቋሚ ሠራተኞቹ ቦነስ ሲሰጥ ጎን ለጎን የሠሩት የኤጀንሲ ሠራተኞች ሲቀሩ ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 በኤጀንሲውና በተጠቃሚው ድርጅት መካከል የኃላፊነት ድርሻ እንዲለይ ያዛል። የኅብረት ድርድርን፣ ዝቅተኛ ደመወዝን፣ የሥራ ሰዓትንና የሥራ ላይ ደኅንነትን ይዘረዝራል፤ ቦነስን ግን በስም አይጠቅስም። ክፍተቱን ሊሞላ የሚችለው በእርሻውና በኤጀንሲው መካከል የሚፈረመው ውል ነው። “ለኤጀንሲ ሠራተኞች ቦነስ ይሰጣል፤ መጠኑ ይህን ያህል ነው፤ የሚከፈለው በዚህ ቀን ነው” የሚል አንድ አንቀጽ ብዙ ክርክር ያስቀራል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በኤጀንሲ በኩል የሚሠሩ ሰዎች ከጉልበታቸው ዋጋ የሚደርሳቸው ድርሻ ማነሱን በተደጋጋሚ ሲያነሳ መቆየቱም የጉዳዩን ስፋት ያሳያል።

የጊዜው ነገር

የወቅት ሠራተኛውን የሚጎዳው ሌላው ነገር የጊዜ አለመገጣጠም ነው። ለቀማው ሲያልቅ ሠራተኛው ወደ ቀዬው ይመለሳል። የእርሻው ሒሳብ ተዘግቶ ቦነስ የሚወሰነው ግን ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ሠራተኛው ስሙ በክፍያ ዝርዝር መኖሩን እንኳ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አዋጁ የሥራ ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ይደነግጋል። በሌላ በኩል ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌሎች ክፍያዎች መከፈል ከነበረባቸው ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቁ በይርጋ ይታገዳሉ። “ለሚቀጥለው ለቀማ ስመለስ እጠይቃለሁ” ያለ ሠራተኛ ሲመለስ ጊዜው አልፎበት ሊያገኘው ይችላል።

ከለቀማ በፊት

በአዋጁ አንቀጽ 10 መሠረት በየዓመቱ እየተደጋገመ የሚሠራ የወቅት ሥራ ለተወሰነ ጊዜ በሚደረግ ውል ሊሠራ ይችላል። የውሉ አጭር መሆን ግን የሠራተኛውን መብት አያሳጥርም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ጽሑፉ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም፤ ማስረጃ ማቅረብ ግን ይከብደዋል።

ስለዚህ ሠራተኛው ወደ ማሳ ከመግባቱ በፊት አራት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቀማል። አሠሪዬ ማን ነው? ከኪሎው ዋጋ ሌላ ቃል የተገባልኝ ምንድን ነው? መቼ ይከፈላል? ቀዬዬ ከተመለስኩ በማን በኩል ይደርሰኛል? ማንበብ የማይችል ከሆነ የሚያምነው ሰው ያንብብለት። የየዕለቱ ኪሎ የተመዘገበበትን ወረቀትም መያዝ ይበጃል። ክርክር ከተነሳ የወረዳው የሥራና ክህሎት መዋቅርና የፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት የሚጠይቁት ይህንኑ ማስረጃ ነው።

ለእርሻው ባለቤትም ጥቅሙ ቀላል አይደለም። የፈነዳ ጥጥ በወቅቱ ካልተለቀመ ንፋስና ዝናብ ጥራቱን ያበላሹታል። ያለፈው ዓመት ቦነሱ የቀረበት ሠራተኛ በሚቀጥለው ለቀማ ሌላ እርሻ ይመርጣል፤ በገበያ ቀንም ለሌላው ይናገራል።