ከ«ፍላሽ ይደረግ» በፊት

ስልክ ተበላሸ ሲባል ቶሎ የሚታየን የተሰነጠቀ ስክሪን ነው። ሰው ወደ ጥገና ቤት የሚሮጠው ግን ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ደህና ሆኖ ሳለ ነው፤ ቻርጅ አልይዝ ብሎት፣ 30 በመቶ እያሳየ ድርግም እያለበት፣ ቴሌግራም በከፈተ ቁጥር ስታክ እያደረገበት፣ ዳታ ገዝቶ ገጽ አልከፍት ብሎት። ከእነዚህ ብዙዎቹ ካቻቢቴ ሳይነካቸው እቤት ውስጥ ይፈታሉ። የማይፈቱትም ቢሆኑ ችግራቸው ከየት እንደሆነ እቤት ውስጥ ይለያል።

መለየቱ ከገንዘብ በላይ ጥቅም አለው። ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት ይዞ ለሄደ ደንበኛ ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ፍላሽ ይደረግ» የሚል ነው። ፍላሽ ማድረግ ማለት የስልኩን ሶፍትዌር ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፎቶው፣ የተቀዳው ድምፅ፣ ስልኩ ላይ ብቻ የተመዘገበው ቁጥር አብሮ ይጠረጋል። የቴሌብር ወይም የባንክ ሂሳብ የሚቀመጠው በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ አይጠፋም። የሟች እናት ድምፅ ግን ሌላ ቦታ ላይኖር ይችላል። ፍላሽ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ የመጀመሪያው ሙከራ መሆን ግን የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ጎበዝ ጠጋኝ የሚሠራበት ዘዴ ማንም ሊይዘው የሚችል ነው፤ እንደሚሠራ በተረጋገጠ ዕቃ አንድ በአንድ እየተኩ ማየት። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተቀየረ ስልኩ ቢድንም ያዳነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ይህ ዘዴ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ቻርጅ አልይዝ ላለ ስልክ ነው። ከግድግዳው ሶኬት እስከ ባትሪው ድረስ መንገዱ ረጅም ነው፤ ዲቫይደሩ፣ ቻርጀሩ፣ ገመዱ፣ የስልኩ ቀዳዳ፣ ከዚያ በኋላ ነው ባትሪው የሚመጣው። በቅድሚያ የሚያልቀው ደግሞ ገመዱ ነው። ራሱ አጠገብ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ይበጠሳሉ፤ ላስቲኩ ግን ደህና መስሎ ይታያል። የጎረቤትን ገመድ ተውሶ መሞከር ምንም አያስወጣም። ገመዱ ደህና ከሆነ ቻርጀሩን፣ ቀጥሎ ሶኬቱን መቀየር ነው።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ከተገኙ የስልኩን ቀዳዳ በሌላ ስልክ መብራት ማየት ይገባል። ኪስ ውስጥ የሚውል ስልክ ከሱሪና ከጋቢ የሚረግፈውን ብናኝ ይሰበስባል፤ ገመዱ በተሰካ ቁጥር ብናኙን ወደ ውስጥ እየገፋ ይጠቀጥቀዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ገመዱ እንደ ድሮው ጠቅ ብሎ አይገባም፣ ትንሽ ሲነኩት ይወልቃል፣ በእጅ ደገፍ ሲያደርጉት ብቻ ይሞላል። እንዲህ ያለውን ስልክ ሰው የቻርጅ ቀዳዳው ተበላሽቷል ብሎ ያስቀይረዋል፤ ችግሩ ግን ጠጥሮ የተቀመጠ ብናኝ ሊሆን ይችላል። ስልኩን አጥፍቶ፣ ጫፉ የቀጠነ የእንጨት ስቴኪኒ በጎን በኩል አስገብቶ ቀስ እያሉ ወደ ውጭ መጥረግ ይበቃል። መርፌና የሲም ማውጫ ብረት እዚህ ቦታ የላቸውም። በታይፕ ሲ ቀዳዳ መሃል ያለችው ስስ ምላስ በሁለት ገጿ 24 የመዳብ ነጥቦችን የያዘች ናት፤ አንዱ በብረት ከተጫረ ወይም ምላሷ ከተሰበረች ጥገናው እውነተኛ ጥገና ይሆናል። በአፍ መንፋትም ደግ አይደለም፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው።

ባትሪው ጨርሶ የተሟጠጠ ስልክ ቻርጀር ሲሰካለት ወዲያው ምልክት ላያሳይ ይችላል። ሊቲየም ባትሪ ከልክ በላይ ከወረደ በኋላ በአንዴ ብዙ ኃይል ቢቀበል ስለሚጎዳ፣ ስልኩ መጀመሪያ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚመግበው። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል ተሰክቶ ሳይቆይ «ሞቷል» አይባልም። ከዚያም ካልነቃ፣ ሶፍትዌሩ ጨለማ ስክሪን ላይ ተቸክሎ ሊሆን ስለሚችል በግድ ማስነሳት ይሞከራል። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ የማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ መቆየት ነው። ከአይፎን 8 ወዲህ ባሉት አይፎኖች ላይ ድምፅ መጨመሪያውን ነካ፣ ድምፅ መቀነሻውን ነካ አድርጎ የጎኑን ቁልፍ የኩባንያው ምልክት እስኪታይ መያዝ ነው። ይህ ምንም ፋይል አያጠፋም።

ስለ ባትሪው ትንሽ ልዘርዝር፤ ብዙ የሚወራበት ግን ጥቂት የሚታወቅ ዕቃ ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪን ለገበያ ያቀረበው ሶኒ ሲሆን ጊዜው 1991 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ለዚህ ባትሪ መሠረት የጣሉት ጆን ጉድኢነፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። «አዲስ ስልክ መጀመሪያ 8 ሰዓት ይሞላ»፣ «ጨርሶ ሳያልቅ አይሰካ» የሚሉት ምክሮች ከዚህ ባትሪ በፊት ለነበሩት የኒኬል ባትሪዎች የተነገሩ ናቸው። ለሊቲየም ሁለተኛው ምክር እንዲያውም ጎጂ ነው፤ እስከ ዜሮ መውረድ ያደክመዋል። ከዚያ የባሰ ጠላቱ ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተተወ፣ ወይም ትራስ ሥር ሆኖ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ ባትሪው ከዕድሜው በፊት ያረጃል።

30 በመቶ እያሳየ የሚጠፋው ስልክ ምስጢሩም እዚህ ነው። ባትሪ ሲያረጅ የሚይዘው ኃይል ከመቀነሱ ሌላ፣ ያለውን ኃይል ቶሎ የመስጠት አቅሙ ይደክማል። ሮቶው ውሃ ይዞ ቧንቧው በዝገት የጠበበበትን ቤት ያስቡ፤ አንድ ቧንቧ ሲከፈት ይወርዳል፣ ሁለተኛው ሲከፈት ግፊቱ ይሞታል። ስልኩም ዝም ብሎ ሲቀመጥ ደህና ነው፤ ካሜራ ሲከፈት ወይም ጥሪ ሲመጣ ብዙ ኃይል በአንዴ ይፈልጋል፣ የባትሪው ቮልቴጅ ይወርዳል፣ ስልኩ ራሱን ያጠፋል። አፕል ይህን ለመከላከል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በሶፍትዌር ፍጥነታቸውን ይቀንስ ነበር። በታኅሣሥ ወር 2017 እንደ ፈረንጆች ይህን ሲያምን ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ኩባንያውም ለቀጣዩ ዓመት የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ወደ 29 ዶላር አወረደው። ለኛ የሚጠቅመው ትምህርት ቀጥተኛ ነው፤ የተንቀራፈፈ አይፎን አንዳንዴ የሚያስፈልገው አዲስ ባትሪ እንጂ አዲስ ስልክ አልነበረም። በአይፎን ሴቲንግ ውስጥ «ባትሪ» የሚለው ክፍል የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ ያሳያል፤ ከ80 በታች ከሆነ መቀየሩን ማሰብ ነው።

ባትሪው ካበጠ ግን የቤት ሙከራ እዚያው ላይ ይቆማል። ጀርባው ክፍት ክፍት ካለ፣ ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት እየተወዛወዘ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ውስጡ ጋዝ ተጠራቅሟል። አጥፍቶ ከቻርጀር ነቅሎ፣ ከጨርቅና ከወረቀት ርቆ ሲሚንቶ ወይም ሸክላ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ለባለሙያ መውሰድ ነው። ተጭኖ ወደ ቦታው መመለስ፣ ጋዙ ይውጣ ብሎ መብሳት እሳት ያስነሳል። ሳምሰንግ በፈረንጆቹ 2016 ጋላክሲ ኖት 7ን ከዓለም ገበያ ሰብስቦ ምርቱን እስከማቆም የደረሰው በባትሪው ጉድለት ነው። ትልቅ ኩባንያን እንዲህ ያደረገ ነገር ሳሎን ውስጥ ሲደርስ አይናቅም።

ውሃ የገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ ይቀበራል የሚለው ምክር ብዙ ቤት ገብቷል። አይረባም። ሩዙ ከስልኩ ውስጥ ውሃ የሚስብበት ኃይል የለውም፤ አቧራውና ስታርቹ ግን ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል፤ አፕልም ደንበኞቹ እንዳያደርጉት ይመክራል። ስልኩን የሚጎዳው ውሃው ብቻውን አይደለም፤ ውሃ ባለበት ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ነው ብረቱ የሚበላው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወዲያው ማጥፋት፣ ሽፋኑንና ሲሙን ማውጣት፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጎ ማንጠፍጠፍ፣ ነፋሻ ቦታ ላይ መተው ነው። ይሠራ እንደሆነ ልየው ብሎ ማብራትና ቻርጀር መሰካት ሊድን የነበረውን ይገድላል። በሻይ፣ በለስላሳ ወይም በባሕር ውሃ የረጠበ ስልክ ግን ቢደርቅም ስኳሩና ጨው ውስጡ ስለሚቀር ተከፍቶ መጽዳት አለበት።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። ስታክ የሚያደርግ ስልክ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ባዶ ቦታ እንዳለው ነው። የስልክ ማከማቻ አዲስ ነገር የሚጽፈው በጥቃቅን ክፍል ሲሆን የሚያጠፋው ግን በትልልቁ ነው። ስለዚህ ዕቃ ለማዘዋወሪያ ባዶ ቦታ ከሌለው እያንዳንዱ ጽሕፈት ሌላ ሥራ ይጠይቀዋል፤ ስልኩም ይንቀራፈፋል። አገር ቤት ባሉ ስልኮች ላይ ቦታውን በብዛት ይዞ የሚገኘው ቴሌግራም ነው። በየቻናሉ የታየው ቪዲዮ ስልኩ ላይ ይጠራቀማል። ሴቲንጉ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ከሚለው ገብቶ «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ላይ ካሹን ማጽዳት ብዙ ጊጋባይት ያስለቅቃል። ቴሌግራም ዋናውን ቅጂ በራሱ ሰርቨር ስለሚያስቀምጥ፣ ከ«ሲክረት ቻት» በስተቀር፣ የጠፋው ፎቶ ሲፈለግ ተመልሶ ይወርዳል። ዋትስአፕ እንዲህ አይደለም። ከዓረብ አገርም ሆነ ከአሜሪካ ዘመድ በዋትስአፕ የላከው ፎቶ ካስቀመጡበት ስልክ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ጠፋ ማለት ነው፤ ቀድሞ ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ለኛ አገር ሰው በተለይ መነገር ያለበት ሌላ ብልሽት አለ፤ የቀንና የሰዓት ብልሽት። ስልኩን በአበሻ አቆጣጠር ለማድረግ ፈልጎ ዓመቱን በእጁ 2017 ብሎ የሞላ ሰው፣ ስልኩ የሚረዳለት የፈረንጆቹን 2017 ነው። ድረ ገጾች ሁሉ ከዚህ እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል የደኅንነት ሰርተፍኬት አላቸው፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ የሄደ ስልክ ሰርተፍኬቱን «ገና አልጀመረም» ብሎ ገጹን ይዘጋል። ኔትወርክ ሞልቶ፣ ዳታ ተገዝቶ፣ ምንም አይከፍትም። ሰዓቱን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደኋላ መመለስም አንዳንድ አፕ ከስልኩ ሰዓት ተነስቶ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያይረውን የማረጋገጫ ኮድ ያበላሻል። ቀኑና ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል መተው፣ የኢትዮጵያን ዘመንና ሰዓት ደግሞ ለዚሁ በተሠራ አፕ ማየት ነው የሚበጀው።

ስክሪኑ ራሱ እየነካካ የሚጽፍ፣ ያልተነካ አፕ የሚከፍት ስልክ ሰውን ያስደነግጣል፤ ቫይረስ ነው ይባላል። ይህ የሚሆነው ቻርጀር ሲሰካ ብቻ ከሆነ ቻርጀሩን ይጠርጥሩ። ስክሪኑ ጣትን የሚያውቀው በኤሌክትሪክ ለውጥ ስለሆነ ፎርጅድ ቻርጀር የሚልከው የተረበሸ ኃይል ጣት ይመስለዋል። ሳይሰካም የሚያደርግ ከሆነና ብዙ ማስታወቂያ የሚወጣበት ከሆነ ሴፍ ሞድ ይሞከር፤ በብዙ አንድሮይድ ላይ ማጥፊያ ቁልፉን ተጭኖ «ፓወር ኦፍ» የሚለውን ስክሪኑ ላይ ተጭኖ ሳይለቁ መያዝ ነው። በዚያ ሁኔታ በኋላ የተጫኑ አፖች አይሠሩም። ስልኩ ደህና ከሆነ ጥፋተኛው ከአፖቹ አንዱ ነው፤ ከቅርቡ ጀምሮ አንድ በአንድ ማውጣት ነው።

ሲደወል ድምፅ የማይሰማ ከሆነ የጆሮው ወንፊት በቆሻሻ ተደፍኖ ይሆናል፤ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። ሲደወል ስክሪኑ ጠፍቶ አልበራ ካለ ላዩ የተለጠፈው መከላከያ ጆሮ የሚያውቀውን ዳሳሽ ሸፍኖት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ስልኩን መደምሰስ ግድ ከሆነ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ የጉግል አካውንቱ አድራሻና ፓስዎርድ ይታወቃል? አንድሮይድ ከፈረንጆቹ 2015 ወዲህ ከሌባ ለመከላከል ሲባል፣ በግድ የተደመሰሰ ስልክ ሲበራ የቀድሞውን አካውንት ይጠይቃል። ስልኩን ሲገዛ ባለሱቁ በከፈተለት፣ ፓስዎርዱን በማያውቀው አካውንት የሚጠቀም ሰው ከገዛ ስልኩ ውጭ ይቀራል። ስልኩ ደህና እያለ ፓስዎርዱን ቀይሮ ወረቀት ላይ መያዝ ነው።

ለጠጋኝ ሲሰጥም ሲሙንና ሚሞሪውን ማውጣት፣ *#06# ደውሎ የሚመጣውን ባለ15 አኃዝ መለያ ቁጥር መጻፍ፣ የሞከሩትን ሁሉ ለጠጋኙ መንገር ይገባል። ገመድና ቻርጀር ቀይሬአለሁ፣ ቀዳዳውን አጽድቻለሁ ያለ ደንበኛ ጠጋኙን ከብዙ ግምት ያድነዋል። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ ማለት መብት ነው። አሮጌው ባትሪ ግን እዚያው ከጠጋኙ ጋር ይቅር፤ ቤት ቆሻሻ ውስጥ ገብቶ ከተጨፈለቀ ይቀጣጠላል። ከሱቁ ከመውጣትዎ በፊት እዚያው ሆነው ይደውሉ፣ ካሜራውን ይክፈቱ፣ ቻርጀር ይሰኩ፣ የጣት አሻራውን ይሞክሩ።