ቤት ያፈራው ብስኩት፤ ያለ እርሾ የሚጋገር

አንባቢ ሆይ፤ እሑድ ከቀትር በኋላ ነው እንበል። በተከራዩዋት አንዲት ክፍል ውስጥ ለሰኞ ልብስዎን ሲተኩሱ፥ ወይም ለፈተና ሲያጠኑ በሩ ይንኳኳል። ቢከፍቱት ከአገር ቤት የመጡት አጎትዎ ከአንድ የመንደር ሰው ጋር ቆመዋል። «ይግቡ፥ ይግቡ» ብለው ያስገባሉ፤ ሻይም ይጣዳል። ነገር ግን ከሻዩ ጋር ምን ይቀርባል? ቀኑ ሃያ አምስት ነው፤ ደመወዝ ገና ነው። ሱቁ ቅርብ ነው፥ ባለሱቁም አይከለክልዎትም፤ ብቻ በዱቤ መዝገቡ ላይ ከስምዎ ሥር አንድ መሥመር ይጨምራል። በዚህ ዓይነት የተጨማመረው መሥመር ደመወዙ ሲደርስ እኩሌታውን ይዞት እንደሚሄድ እርስዎ ራስዎ ያውቁታል።

ዛሬ የምናጫውትዎ ይህን መሥመር ስለሚያስቀር አንድ ትንሽ ሙያ ነው። ይኸውም በቤት የሚጋገር ብስኩት ነው። የሚፈልገው ዱቄት፥ ስኳር፥ ቅቤና እሳት ነው። እርሾ አይገባበትም፤ ስለዚህ አያድርም፥ አያስጠብቅም። ሊጡ ከተለወሰ ጀምሮ ብስኩቱ ከእሳት እስኪወጣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

እርሾ ለምን አያስፈልግም?

እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት በሊጡ ውስጥ ያለውን ስኳር እየተመገቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣሉ፤ የዳቦን ሊጥ የሚነፋውም ይኸው ጋዝ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ጊዜ ይፈልጋልና የዳቦ ሊጥ ሰዓታት መቆየት፥ አንዳንድ ጊዜም ማደር አለበት። ብስኩትን ግን የምንወደው ስለ ተነፋ ሳይሆን ሲነከስ ቀጭ ብሎ ስለሚሰበር ነው። ከዚህም ሌላ ስኳርና ቅቤ የበዛበት ሊጥ ለእርሾ አይመቸውም፤ ሥራውን ያዘገይበታል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዳቦ ቆሎን ያስቡ! ዱቄቱ በውሃ፥ በጨውና በጥቂት ዘይት ተለውሶ፥ ተድቦልቡሎና ተቆርጦ በምጣድ ይታመሳል። ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እናትዎ ቋጥረው የሰጡዎት ዳቦ ቆሎ ሳይሻግት የሰነበተው እርጥበቱ በእሳት ስለ ወጣለት ነው። የፈረንጆቹም ብስኩት ከዚሁ የራቀ አይደለም። ስሙ ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን «ሁለት ጊዜ የበሰለ» ማለት ነው፤ ለመርከበኞች ስንቅ እንዲሆን ከዱቄትና ከውሃ ተጋግሮ ድርቅ እንዲል ይደረግ ነበር። እንግዲህ ዳቦ ቆሎና ብስኩት ሁለቱም የመንገደኛ ልጆች ናቸው።

ለሚስቱ ሲል የደከመው መድኃኒት ቀማሚ

የመርከበኞቹ ብስኩት እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነበር። እርሾ ሳይገባ ሊጥን ጥቂት ነፋ አድርጎ ለማለስለስ የሚረዳው ዱቄት፥ ቤኪንግ ፓውደር የምንለው፥ ደስ የሚል ታሪክ አለው። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ አልፍሬድ በርድ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ነበረ። ባለቤቱ እንቁላልም እርሾም አይስማማትም ነበርና ሌላው ሰው የሚበላውን ዳቦ ሳትበላ እንዳትቀር ብሎ መላ ይፈልግ ጀመር። በመጨረሻም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ዓመት እርሾን የሚተካ ዱቄት ቀመመ። ከዚያ በኋላ በ1891 ዓመት በጀርመን አገር በቢለፌልድ ከተማ አውጉስት ኦትከር የተባለ ሌላ መድኃኒት ቀማሚ ለግማሽ ኪሎ ዱቄት የሚበቃውን ያህል እየመጠነ፥ በትንንሽ ከረጢት ውስጥ እያሸገ ለባለ ቤቶች መሸጥ ጀመረ።

የሥራው ምሥጢር ቀላል ነው። በዱቄቱ ውስጥ ሶዳና የደረቀ አሲድ አብረው ተቀምጠዋል። ደረቅ እስከ ሆኑ ድረስ እንደ ተኛ ሰው ዝም ይላሉ፤ ውሃና ሙቀት ሲያገኛቸው ግን ተዋሕደው ያንኑ እርሾ የሚሰጠውን ጋዝ ያወጣሉ። የገዙት ቤኪንግ ፓውደር ከቆየብዎትና ከተጠራጠሩት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ወስደው በሙቅ ውሃ ውስጥ ይጨምሩ። ቢፈላና አረፋ ቢያወጣ ደኅና ነው፤ ዝም ቢል ግን ዱቄትዎንና ቅቤዎን አያባክኑበት።

መጠኑና አሠራሩ

ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፥ ግማሽ ኩባያ ስኳር፥ ግማሽ ኩባያ ለስላሳ ቅቤ፥ አንድ እንቁላል፥ ቁንጥር ጨውና ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ያዘጋጁ። ኩባያው ለሁሉም ያው አንዱ ይሁን። ቅቤው ለወጥ በቅመም የተነጠረው አይሁን፤ ብስኩቱ ወጥ ወጥ ይላል። የገበታ ቅቤ ወይም ሽታ የሌለው ለጋ ቅቤ ይሻላል። መዓዛ ከወደዱ ጥቂት የተወቀጠ ኮረሪማ ይጨምሩበት።

በመጀመሪያ ቅቤውንና ስኳሩን በእንጨት ማንኪያ ነጣ እስኪል ይምቱ፤ ከዚያ እንቁላሉን ይጨምሩ። ዱቄቱን ከጨውና ከቤኪንግ ፓውደሩ ጋር አንድ ላይ ከነፉ በኋላ ከዚሁ ጋር ያዋሕዱት። እዚህ ላይ አደራ! እንደ ዳቦ ሊጥ አይሹት። ሊጥ በብዙ ሲታሽ እንደ ጅማት የሚሳብ ኃይል ያወጣል፤ ይህ ለዳቦ መልካም ሲሆን ብስኩትን ግን ያጠነክረዋል። ተያይዞ አንድ ከሆነ በቂ ነው። እምቢ ብሎ ከተፈረፈረ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ይርዱት።

መዳመጫ ከሌለዎት በንጹሕ ጠርሙስ ይዳምጡት፤ ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ይሁን። በሻይ ብርጭቆ አፍ እየቆረጡ ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ አራርቀው ይደርድሩ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ሰው በ180 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይጋግረው። ዳር ዳሩ ወርቅ ሲመስል ያውጡት። በዚያን ጊዜ ለስለስ ቢልብዎ «አልበሰለም» ብለው አይመልሱት፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል።

ቤኪንግ ፓውደሩን ስለ ምን አንድ ሙሉ ማንኪያ እንዳላልን ይጠይቁን ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝም ከቆላ ይልቅ ይለጠጣል። ስለዚህ ከውጭ አገር መጽሐፍ ላይ የተገኘ መጠን እንዳለ ሲሠራበት ሊጡ ቶሎ ተነፍቶ ተመልሶ ይወድቃል። ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም፤ የደጋው ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ አገር የሚኖር ግን አንድ ሙሉ ማንኪያ ቢያደርግ ይሆናል።

ምድጃ ለሌለው

«ምድጃ ከየት አምጥቼ?» የሚሉን ብዙ እንደሚሆኑ እናውቃለን። ድፎ ዳቦ የሚጋገረው ከላይ እሳት ከታች እሳት ተደርጎ አይደለምን? ብስኩትም እንዲሁ ይሆናል። ወፍራም ብረት ድስት ፈልገው ከሥሩ አንድ ጣት ያህል ደረቅ አሸዋ ወይም ጨው ይነስንሱ። በመካከሉ ታጥቦ የደረቀ የሰርዲን ቆርቆሮ ደፍተው ከድነው ከሰል ላይ ሩብ ሰዓት ያግሉት። ከዚያም ብስኩቱን በትንሽ የብረት ሳሕን አድርገው በቆርቆሮው ላይ ያስቀምጡ፤ ይክደኑትና በክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም ይበትኑ። ሃያ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ገለጥ አድርጎ ማየት ነው።

ነገር ግን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለን። የከሰል ጭስ ሳይታይና ሳይሸት ሰው ይገድላል። በአንዲት ክፍል የሚኖሩ ከሆነ ከሰሉን በደጅ ወይም በረንዳ ላይ ያድርጉት፤ በርና መስኮት ዘግተው በቤት ውስጥ ከቶ አያንድዱ።

በጾም ቀን

እንግዳው ጿሚ ከሆነ ቅቤውንና እንቁላሉን ይተዉ። በሁለት ኩባያ ዱቄትና በግማሽ ኩባያ ስኳር ላይ የኩባያ ሲሶ ዘይት፥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳና አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ያድርጉ፤ ሊጡ እስኪያያዝም በማንኪያ እየለኩ ውሃ ያክሉ። ሎሚውን አይርሱ፤ ሶዳ ብቻውን ከሆነ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሶዳና ሎሚ እንደ ተገናኙ ሥራቸውን ይጀምራሉና ሊጡን ሳያቆዩ ይጋግሩት።

አንዳንድ ጎልማሳ «ወንድ ልጅ ከማጀት ምን አለው?» ይል ይሆናል። በርሚንግሃም ውስጥ ለባለቤቱ ሲል ዱቄት ሲቀምም የኖረው ሰው ወንድ ነበር፤ ስሙም በዚሁ ሥራ ተጠራ እንጂ አልተዋረደም። የሚያሳፍረው እጅን ዱቄት ማስነካት ሳይሆን በማይከፍሉት ዱቤ እንግዳ ማስተናገድ ነው።

ብስኩቱ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ያኑሩት፤ እርጥበት ካልነካው አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ደመወዝ በተቀበሉ ሰሞን አንድ ቀን ይጋግሩ። ቀኑ ሃያ አምስት ሆኖ አጎትዎ በሩን ሲያንኳኩ ሻዩን ይጥዱ፥ ቆርቆሮውን ያውርዱ፥ «ቤት ያፈራውን ይቅመሱልኝ» ይበሉ። በዚያን ጊዜ ይህ ቃል የትሕትና ብቻ ሳይሆን እውነትም ይሆናል።