የ1933ቱ የጎጃም ዘመቻ የጦር መሣሪያና የጥይት ጉዳይ በቢቸናና በሞጣ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው የምሥራቅ ጎጃም መንገድ፣ በ1933 ዓ.ም የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር ጎጃምን ለቆ የወጣበትንና እጁን የሰጠበትን ቀጣና ያቋርጣል። በዚያው ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት ሁለት ተቃራኒ ነገሮች በዚህ አካባቢ ተፈጽመዋል። በሞጣ የነበረው የጠላት ምሽግ ብዙም ጥይት ሳይተኮስበት ተይዟል። ከቢቸና በስተደቡብ በሚገኘው የዓባይ መሻገሪያ ግን የታጠቀ አርበኛ ሞልቶ ሳለ አንድ ትልቅ የጠላት ጦር ሳይመታ አልፏል። የዘመቻው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በሰው ብዛትና በጀግንነት ሲተረክ ይታያል። የጠመንጃው ዓይነት፣ የጥይቱ ልክና የማጓጓዣው ሁኔታ ሲታይ ግን የሁለቱ ቦታዎች ውጤት ለምን እንደተለያየ በተሻለ ሁኔታ መረዳት ይቻላል።

ዘመቻውን ያካሄደው ልዩ ተልዕኮ የተሰጠው የጌዴዎን ጦር ይባል ነበር። በእንግሊዛዊው ኮሎኔል ኦርድ ዊንጌት ይመራ የነበረው ይህ ጦር ወደ 800 የሚጠጉ የሱዳን መከላከያ ጦር ወታደሮችን፣ ይህንኑ ያህል ቁጥር ያላቸው በስደት ሳሉ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያንን፣ እንዲሁም 70 ያህል እንግሊዛውያን መኮንኖችንና የበታች ሹማምንትን ያቀፈ ነበር። ቀደም ሲል፣ በነሐሴ 1932 ዓ.ም፣ በኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ የሚመራው 101ኛው ሚሲዮን ወደ ጎጃም ገብቶ ከአርበኞች መሪዎች ጋር ግንኙነት ፈጥሯል፤ ጠመንጃና የማርትሬዛ ብርም ማከፋፈል ጀምሯል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም የሱዳንን ድንበር ተሻግረው ወደ አገራቸው ሲገቡ ይኸው ጦር አጅቧቸዋል። ጦሩ መድፍ አልነበረውም። ከጠመንጃ በላይ የነበሩት መሣሪያዎች መትረየሶች፣ ጥቂት ሞርታሮችና ፀረ ታንክ ጠመንጃዎች ብቻ ነበሩ።

አርበኛው በበኩሉ የታጠቀው መሣሪያ የሃምሳና የስድሳ ዓመት ታሪክ የተከማቸበት ነበር ማለት ይቻላል። ከፈረንሳይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የገባው ውጅግራ ስሙን ያገኘው በፈረንሳይኛ የግራ ጠመንጃ ለማለት ከሚነገረው ፉዚ ግራ ከሚለው አጠራር ነው። የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ሲሆን፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። ባሩዱ ጭስ ስለሚያወጣ ተኳሹ ያለበትን ቦታ ያጋልጣል። ያም ሆኖ ጥይቱ በአንድ ወቅት በገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ከውጅግራ ሌላ የፈረንሳይ ለቤል፣ የጀርመንና የቤልጂግ ሥሪት የሆነው ማውዘር፣ እንዲሁም ከጠላት የተማረከው ሁሉ በአርበኛው እጅ ይገኝ ነበር። ወረራው ሊጀመር ሲቃረብ፣ በ1927 ዓ.ም መጨረሻ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። መሣሪያውን ራሷ የምትሠራውን ኢጣሊያን ይህ እገዳ አልጎዳትም። የተጎዳችው ከውጭ መግዛት የነበረባት ኢትዮጵያ ናት፤ በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን የታየው የጥይት እጥረትም በከፊል ከዚህ የመነጨ ነው።

የጥይት እጥረት ሲባል ግን የቁጥር ማነስ ብቻ አይደለም። ጠላት ራሱ ሁለት ዓይነት ጠመንጃ ያስታጥቅ ነበር። ኢጣሊያናዊው ወታደር 6.5 ሚሊ ሜትር ካርካኖ ሲይዝ፣ ከቅኝ ግዛት የተመለመሉት አስካሪዎች ብዙውን ጊዜ ኢጣሊያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከኦስትሪያ ያገኘችውን 8 ሚሊ ሜትር ማንሊኸር ይታጠቁ ነበር። እንግሊዞች ያመጡት ሊ ኤንፊልድ ደግሞ 7.7 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ የጎበዝ አለቃ ሥር በተሰለፉ ሰዎች ዝናር ውስጥ አራትና አምስት ዓይነት ጥይት ሊገኝ ይችል ነበር ማለት ነው። የአንዱ ሲያልቅ ከጎኑ ያለው ጓደኛው ጥይት ቢተርፈውም ሊያበድረው አይችልም። ከሁሉ የሚያሳስተው የለቤልና የማንሊኸር ነው። ሁለቱም 8 ሚሊ ሜትር ይባላሉ፤ የቀለሃቸውም ርዝመት ተመሳሳይ ነው። የለቤል ቀለህ ግን ግርጌው ሰፊ ስለሆነ በማንሊኸር ውስጥ አይገባም። በግምጃ ቤት መዝገብ ላይ «8 ሚሊ ሜትር ጥይት» ብሎ መጻፍ የዚያን ዘመን የጦር ሜዳ ሰው ባዶ እጁን ሊያስቀር የሚችል ስሕተት ነበር።

የጌዴዎን ጦር የዚህ ዓይነቱ ችግር ባይኖርበትም የባሰ ሌላ ነበረበት፤ እሱም ማጓጓዣ ነው። ከሱዳን በረሃ ወደ ጎጃም ደጋ ጥይትና ስንቅ እንዲያመጡ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ግመሎች ተሰብስበው ነበር። የቆላው እንስሳ የደጋውን ብርድ፣ ድንጋይና ዳገት አልቻለውም። በሕይወት የተረፉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ መንገዱም በግመል ሬሳ ተሞልቶ እንደነበር የዘመቻው ተካፋዮች ጽፈዋል። የጎጃምን መልክዓ ምድር የሚያውቅ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ በቅሎ ይሻላል ባለ ነበር። ስሌቱን ማየት ይጠቅማል። አንድ ግመል 150 ኪሎ ግራም ይጫናል ቢባል፣ እያንዳንዱ 4 ኪሎ ተኩል የሚመዝነውን የሞርታር ቦምብ መሸከም የሚችለው ሳጥኑ ታስቦ ከ30 ብዙም ያልበለጠ ነው። አንድ መትረየስ በደቂቃ 500 ጥይት ቢተኩስ ከ12 ኪሎ ግራም በላይ ጥይት በአንዲት ደቂቃ ያልቃል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ጦር ተኩስ በተኩስ ልግጠም ቢል በሁለት ቀን ውስጥ ባዶውን ይቀራል።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ ተመረጠ። የጦሩ ስም ራሱ ዘዴውን ይጠቁማል። በመጽሐፈ መሳፍንት እንደተጻፈው ጌዴዎን በሦስት መቶ ሰው የምድያምን ሰፈር የበተነው በቀንደ መለከት፣ በማሰሮና በችቦ ነበር። ዊንጌትም በመጋቢት ወር ከደብረ ማርቆስ ፊት ለፊት በነበሩት የጠላት ምሽጎች ላይ በትንንሽ ቡድኖች የሌሊት ወረራ ያካሂድ ነበር። በእነዚህ ወረራዎች ዋና መሣሪያ የሆኑት የእጅ ቦምብና ሳንጃ ናቸው። ጠመንጃ በሌሊት ሲተኮስ ብልጭታው የተኳሹን ቦታ ያሳያል፤ የእጅ ቦምብ ግን ከየት እንደተወረወረ አይታወቅም። ተከላካዩ ደግሞ ደንግጦ እስኪነጋ ወደ ጨለማው ይተኩሳል፤ ጥይቱን የሚያባክነው እሱ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ዘዴ በማይሠራበት ቦታ ዋጋው ከባድ እንደነበር የካቲት 27 ቀን በደምበጫ አቅራቢያ በቻራቃ ወንዝ ታይቷል። ከቡሬ ያፈገፈገው የጠላት ጦር በ2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ላይ በቀን ብርሃን ወረደበት። ሻለቃው በፀረ ታንክ ጠመንጃ የጠላትን ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ቢመታም ከባድ ጉዳት ደርሶበታል።

ደብረ ማርቆስ መጋቢት 26 ቀን ተያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከሁለት ቀን በኋላ ገቡ። በከተማው የተተወው የጠላት ስልክ ከዓባይ መሻገሪያ በኩል ሲደወል፣ ጣሊያንኛ የሚያውቅ ኤድመንድ ስቲቨንስ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አንስቶ ታላቅ የእንግሊዝ ጦር እየገሰገሰ መሆኑን እንደነገራቸው ይተረካል። አንድም ጥይት ያልወጣበት ጥቃት መሆኑ ነው።

ከደብረ ማርቆስ የወጣው በኮሎኔል ሳቬሪዮ ማራቬንታኖ የሚመራ ጦር፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ከ10 ሺህ በላይ የሚገመት ሕዝብ ይዞ ወደ ዓባይ ወረደ። የቢቸናን አውራጃ በእጁ ያደረገው ታዋቂው አርበኛ በላይ ዘለቀ (አባ ኮስትር) ነበር። ገደሉን የሚያውቅ፣ ከጠላት በማረከው መሣሪያ የተደራጀ ብርቱ ሠራዊት ነበረው። ዊንጌት ዊልፍሬድ ቴሲጀርን ጨምሮ መኮንኖቹን ወደ በላይ ልኮ በሸለቆው ላይ ደፈጣ እንዲደረግ ጠይቋል። ሆኖም ደፈጣው ሳይፈጸም ቀረ። የእንግሊዝ መኮንኖች ምክንያቱን በዚያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ከነበሩት ከራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ጋር ያያይዙታል፤ ራስ ኃይሉ ለበላይ ጋብቻ አቅርበው እጁን ሰብስቦ እንዲቆይ አድርገውታል ይላሉ። ይህ የአንድ ወገን ቃል መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ግልጽ የሆነው ነገር በመሻገሪያው ላይ የጎደለው ጥይት አለመሆኑ ነው።

በሞጣ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ደብረ ማርቆስ ከተያዘ በኋላ ኮሎኔል ሂዩ ቡስቴድ ጥቂት የሱዳን ወታደሮችን ይዞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጮቄን ተራራ በብርድና በበረዶ አቋርጦ በሞጣ በኩል ወረደ። የምሽጉ ጦር በቁጥር ከእርሱ ይበልጥ ነበር፤ መጠለያውም የተሻለ ነበር። ነገር ግን ከደብረ ማርቆስ ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋርጧል፤ በዙሪያው ያለው ገጠርም በአርበኞች እጅ ነው። ያጣውን ጥይት የሚተካለት እንደሌለ የሚያውቅ አዛዥ ያለውን ለመተኮስ አይደፍርም። በሚያዝያ ወር እጁን እንዲሰጥ ሲጠየቅ ሰጠ።

ማራቬንታኖም ቢሆን ሩቅ አልሄደም። ዊንጌትና ራስ ካሣ ኃይለ ዳርጌ ተከታትለውት፣ እጁን ካልሰጠ እንግሊዞች ሄደው ከአርበኞች ጋር ብቻውን እንደሚቀር በደብዳቤ ከተነገረው በኋላ ግንቦት 15 ቀን በአጅባር አካባቢ መሣሪያውን አስረከበ።

በላይ ዘለቀ ከነፃነት በኋላ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን ቢሾምም ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ በጥር 1937 ዓ.ም በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። በአምስቱ ዓመት በሕዝብ እጅ የገባው ጠመንጃ ግን በየቤቱ ቀረ። የጎጃም ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ መሣሪያ ያለው ሁሉ ክፍያ እየከፈለ እንዲያስመዘግብ ባዘዙ ጊዜ፣ ባላገሩ መዝጋቢውን የተመለከተው ጠመንጃውን ሊወስድበት እንደመጣ ሰው ነው። በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ አመፁ የበረታው በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት አውራጃዎች ሲሆን፣ ገበሬው ካሰማቸው አቤቱታዎች አንዱ ይኸው የመሣሪያ ምዝገባ ነበር።