ዋሽንግተን የመረጣቸው ልጆች በደጋፊ ሚዛን

አዲስ አበባ ላይ ድራፍት ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ጃምቦ ነው። እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ግን ሚያዝያ ሲገባ ድራፍት ሌላ ትርጉም አለው። ሠላሳ ሁለቱ የአሜሪካ ፕሮፌሽናል የእግር ኳስ ቡድኖች ከየኮሌጁ የወጡ ወጣቶችን በየተራ እየጠሩ የሚወስዱበት የሦስት ቀን ገበያ ነው። እግር ኳስ ስል በእግር የሚመታውን ማለቴ አይደለም፤ እንቁላል መሳይ ኳስ በእጅ ታቅፈው የሚሮጡበትን፣ ወዳጆቼ «ይሄ ኳስ ነው ወይስ ትግል?» እያሉ የሚቀልዱበትን ነው። እነሱ አርሴናልና ማንቸስተር ዩናይትድ ብለው ይከራከሩ፤ እኔ ዕድሌ ሆኖ የዋሽንግተን ኮማንደርስ ደጋፊ ነኝ። ቡድኑ እስከ 2020 ሬድስኪንስ ይባል የነበረው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በድራፍት ማግስት የአሜሪካ ጋዜጦች ለየቡድኑ እንደ ተማሪ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ ማርክ ያድላሉ። ልጆቹ ገና የቡድኑን መለያ ለብሰው አንድ ቀን ሳይጫወቱ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ በዚህ ማርክ አላምንም። ለምን እንደማላምን ለማስረዳት የራሴን ቡድን ሁለት ምርጫዎች፣ የ2012ቱንና የ2024ቱን፣ ጎን ለጎን ላስቀምጥ።

በመጀመሪያ ግን አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ድራፍት የተጀመረው በ1936 ሲሆን፣ አሁን ሰባት ዙር አለው። ባለፈው ዓመት በውድድሩ መጨረሻ የወጣው ቡድን በእያንዳንዱ ዙር ቀድሞ ይመርጣል፤ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ላይ ነው። በአውሮፓ እግር ኳስ የተሸነፈ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል፣ ሀብታሙ ደግሞ የፈለገውን ይገዛል። የካፒታሊዝም ቁንጮ በሆነችው አገር ደካማው ቡድን ካሣ ይከፈለዋል። እንዲህ ያለ ሶሻሊዝም በሌላ መስክ ቢያደርጉት ኖሮ ምን ይባሉ ነበር እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

ተራው ግን ይሸጣል፣ ይለወጣል። ዕቁብ የጣለ ሰው ይህ አይጠፋውም። ገንዘቡ ዛሬ የቸገረው ሰው ዕጣ ከወጣለት ላይ ጨምሮ ተራውን ይገዛል፤ የማይቸኩለው ደግሞ ጭማሪውን ተቀብሎ ይጠብቃል። በድራፍትም እንዲሁ ነው። የቸኮለው ቡድን የመጪ ዓመታት ተራዎቹን አስይዞ ዛሬ ወደፊት ይወጣል። ዳላስ ካውቦይስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ንግድ የዋጋ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ነበር። አንደኛው ተራ 3,000 ነጥብ፣ ሁለተኛው 2,600፣ ስድስተኛው 1,600 ነጥብ ይመዝናል። ሌሎቹ ቡድኖችም ለብዙ ዓመታት በዚሁ ሚዛን ሲነግዱ ኖረዋል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ገንዘቡ ነው። በ2011 ባለቤቶቹና የተጫዋቾቹ ማኅበር በፈረሙት ስምምነት መሠረት የአዲስ ገቢ ደመወዝ የሚወሰነው በተመረጠበት ተራ ነው፤ ድርድር የለም ማለት ይቻላል። የዋሽንግተኑ ጄይደን ዳንኤልስ በ2024 በሁለተኛ ተራ ሲመረጥ ለአራት ዓመት በጠቅላላው ወደ 37.7 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በዚያው ዓመት መስከረም የዳላሱ ዳክ ፕሬስኮት በዓመት በአማካይ 60 ሚሊዮን የሚያስገኝ ውል ፈረመ። ሁለቱም ኳርተርባክ ናቸው፤ ማለትም ኳሱን ተቀብለው የሚያከፋፍሉ፣ ጨዋታውን የሚመሩ። ለቡድኑ ጠቅላላ ደመወዝ ጣሪያ ስላለው (በ2024 ጣሪያው 255.4 ሚሊዮን ነበር) በኳርተርባኩ ላይ የተረፈው ገንዘብ ለሌሎች ተጫዋቾች ይውላል። እንግዲህ ቡድኖቹን የሚያሳብደው ይህ ነው፤ ጎበዝ ኳርተርባክ በርካሽ ለአራት ዓመት ማግኘት።

ወደ 2012 ልመለስ። ዋሽንግተን ያለፈውን የውድድር ዓመት አምስት አሸንፎ በአሥራ አንድ ተሸንፎ ስለጨረሰ ስድስተኛ ተራ ነበረው። ባለቤቱ ዳን ስናይደር ትዕግሥት የሚባል ነገር የማያውቁ ሰው ነበሩ። ቡድኑ ስድስተኛውን ተራ፣ የዚያን ዓመት ሁለተኛ ዙር፣ በዚያ ላይ የ2013 እና የ2014 አንደኛ ዙር ተራዎችን ለሴንት ሉዊስ ራምስ አስረክቦ ሁለተኛውን ተራ ገዛ። ባገኘውም ተራ የቤይለር ዩኒቨርሲቲውን ሮበርት ግሪፊንን መረጠ። በማግስቱ ከተማው በደስታ ሰከረ። ማርኩም እንደምትገምቱት ጥሩ ነበር።

ልጁ ደግሞ አላሳፈረም። በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን አሥር ጨዋታ አሸንፎ ምድቡን እንዲመራ አደረገ፤ በእግሩ ብቻ 815 ያርድ ሮጠ፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ። በታኅሣሥ ጉልበቱን ተጎዳ፣ አንድ ጨዋታ አርፎ ተመለሰ። ጥር 6 ቀን 2013 በጥሎ ማለፉ ከሲያትል ጋር ሲጫወቱ ዋሽንግተን 14 ለ 0 መራ። ግሪፊን ገና በመጀመሪያው ሩብ ጉልበቱን ዳግም ታመመ፤ እያነከሰ እስከ አራተኛው ሩብ አጫወቱት። በመጨረሻ ጉልበቱ ከዳው፣ ጨዋታውም 24 ለ 14 አለቀ። ከዚያ በኋላ ግሪፊን ያ ግሪፊን ሆኖ አያውቅም። በ2015 አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ቆይቶ በ2016 መጋቢት ተሰናበተ።

ራምስ የተቀበሏቸውን ተራዎች ከፊሎቹን እንደገና ሸንሽነው እየሸጡ ብዙ ተጫዋች አፈሩባቸው። በ2014 ታኅሣሥ ዋሽንግተን ሜዳ ሲመጡ፣ ለሳንቲም ውርወራው አምበል አድርገው ያወጧቸው ከዚያ ንግድ ያገኟቸውን ስድስት ልጆች ነበር። ስድስቱም ተራ በተራ ሲራመዱ ማየት ለደጋፊ ቀላል አይደለም። ራምስ 24 ለ 0 አሸነፉ። ነገር በምሳሌ ይሉታል ይህን ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው የ2012 ድራፍት ቡድኑ በአራተኛው ዙር፣ በ102ኛ ተራ፣ ከርክ ከዝንስ የሚባል ሌላ ኳርተርባክ ወስዶ ነበር። «ሁለተኛ ኳርተርባክ ምን ይሠራል?» ተባለ። ይኸው ልጅ በ2016 በ4,917 ያርድ የቡድኑን የቅብብል ክብረ ወሰን ሰበረ። በስድስተኛው ዙር በ173ኛ ተራ የተጠራው አልፍሬድ ሞሪስ ደግሞ በመጀመሪያ ዓመቱ 1,613 ያርድ ሮጠ። አንዱ ኮከብ የአራት ተራ ዋጋ ሲከፈልበት፣ እነዚህ ሁለቱ ማንም ባልጠበቃቸው ሰዓት ነው የመጡት።

ይህ የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኬድ ማሲና ሪቻርድ ታለር የሚባሉ ሁለት ምሁራን የብዙ ዓመታት ድራፍት አጥንተዋል። ታለር በ2017 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት ናቸው። በአንድ ቦታ የሚጫወቱ፣ በምርጫው ተከታትለው የተጠሩ ሁለት ልጆች ቢወሰዱ፣ ቀድሞ የተጠራው የተሻለ ሆኖ የሚገኘው 52 በመቶ ጊዜ ብቻ ነው። ሳንቲም ከመወርወር የሚለየው በሁለት በመቶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ምክራቸው፣ ወደፊት ለመውጣት አትክፈሉ፣ ይልቁንም ወደ ኋላ ወርዳችሁ ተራ አብዙ የሚል ነው። ታለር በ2015 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደጻፉት ስናይደር ምክር ጠይቀዋቸው ነበር፤ ቡድኑ ግን ያደረገው ተቃራኒውን ነው። ምክር ጠይቆ በተቃራኒው መሄድ የእኛም መሥሪያ ቤቶች የሚያውቁት ነገር ስለሆነ አልፈርድባቸውም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ባጭሩ ላልፋቸው። በ2019 በ15ኛ ተራ የተመረጠው ኳርተርባክ ድዌይን ሃስኪንስ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተሰናበተ፤ በ2022 በ24 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሕይወቱ አለፈ። በዚያው ድራፍት በሦስተኛው ዙር የተገኘው ቴሪ ማክሎሪን ግን ከ2020 እስከ 2024 በየዓመቱ ከ1,000 ያርድ በላይ ኳስ ተቀብሏል። በ2020 በሁለተኛ ተራ የተመረጠው ቼስ ያንግም በጉልበት ጉዳት ከተዳከመ በኋላ በ2023 በአንድ የሦስተኛ ዙር ተራ ተሸጠ።

በ2023 ክረምት ስናይደር ቡድኑን በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ለጆሽ ሃሪስና ለሸሪኮቻቸው ሸጡ። በ2024 ጥር አዳም ፒተርስ የሚባሉ ሥራ አስኪያጅ መጡ፤ አሰልጣኙም ዳን ክዊን ሆኑ። ቡድኑ አራት ብቻ አሸንፎ ስለጨረሰ ሁለተኛው ተራ በእጁ ነበር። ማንንም አልለመነም፣ አልከፈለም። ዳንኤልስን ወሰደ፤ በጠቅላላው ዘጠኝ ልጆች መረጠ።

ቀሪው በከተማው የታወቀ ታሪክ ነው። ዳንኤልስ 891 ያርድ ሮጦ የግሪፊንን የአዲስ ኳርተርባክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ጥቅምት 27 ሰዓቱ ሲያልቅ የ52 ያርድ ኳስ ወርውሮ ቺካጎን 18 ለ 15 አሸነፈ። አንደኛው ተራ የነበረው ኬሌብ ዊሊያምስ ያኔ በተቃራኒው ወገን ነበር። ቡድኑ አሥራ ሁለት ጨዋታ አሸንፎ ከ1992 ጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የኮንፈረንስ ፍጻሜ ደረሰ። በመንገዱ ዲትሮይትን 45 ለ 31 ሲያሰናብት ኳስ ሁለት ጊዜ አየር ላይ የቀማው ማይክ ሴንሪስቲል ነበር። ሄይቲ ተወልዶ ማሳቹሴትስ ያደገ፣ ኮሌጅ እያለ ከአጥቂነት ወደ ተከላካይነት የተለወጠ፣ በ50ኛ ተራ የተመረጠ ልጅ ነው። ከዘጠኙ እኔ ልቤን የሰጠሁት ለእሱ ነው።

የሴንሪስቲል ተራ የመጣበት መንገድ ግን ለታለር ተማሪዎችም ፈተና ነው። ፒተርስ 40ኛ፣ 78ኛና 152ኛ ተራዎችን ለፊላደልፊያ ሰጥተው 50ኛ፣ 53ኛና 161ኛን ተቀበሉ። በሠንጠረዥ ሲታይ ጥሩ ንግድ ነው። ፊላደልፊያ በ40ኛው ተራ የወሰደው ግን ኩፐር ዴጂንን ነው። ዋሽንግተንን በፍጻሜው 55 ለ 23 የቀጣው ፊላደልፊያ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላም ዴጂን በሱፐር ቦውል ኳስ ቀምቶ ነጥብ አስቆጠረ። በ53ኛው የተመረጠው ቤን ሲኖት በመጀመሪያ ዓመቱ አምስት ኳስ ብቻ ተቀበለ። ታዲያ ንግዱ መጥፎ ነበር? እኔ አልልም። ወደ ኋላ መውረድ በአማካይ ያዋጣል ማለት በየአንዳንዱ ጊዜ ያዋጣል ማለት አይደለም። ለራስህ ምድብ ተቀናቃኝ መሸጥ ግን እኔ ብሆን አላደርገውም።

ፒተርስን የምወቅሰው በሌላ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ትዕግሥቱ ሳሳ። በ2024 ኅዳር የ2025 ሦስተኛ፣ አራተኛና ስድስተኛ ዙር ተራዎችን ለኒው ኦርሊንስ ሰጥተው ተከላካዩን ማርሾን ላቲሞርን አመጡ፤ እሱም በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር የተሰለፈው ሁለት ጊዜ ነው። ዳንኤልስን ከመመታት የሚከላከለውን ላረሚ ተንሲልን ከሂውስተን ለማምጣትም ሌሎች ተራዎች ሄዱ። ይህኛው ይገባኛል፤ በ2025 ከተመረጡት አምስት ልጆች የመጀመሪያው ጆሽ ኮነርሊም ለዚሁ ሥራ ነው የመጣው። ከአምስቱ በሩጫ ቡድኑን የመራው ግን በ245ኛ ተራ የተጠራው ጃኮሪ ክሮስኪ ሜሪት ነው። አምስት ዕጣ በዘጠኝ ሲለወጥ ምን እንደሚቀር ከዚህ ይታያል።

ኅዳር 2 ቀን 2025 ከሲያትል ጋር በተደረገው ጨዋታ ዋሽንግተን በአራተኛው ሩብ 38 ለ 7 እየተመራ ነበር። ጨዋታው አልቋል። ከዚያ ቀደም ጉልበቱንና ጭኑን ታሞ የነበረው ዳንኤልስ ግን ሜዳ ላይ ነበር፤ የግራ ክንዱ ከክርኑ ወለቀ። አሰልጣኝ ክዊን ጥፋቱ የራሳቸው እንደሆነ ተናገሩ። ዳንኤልስ በዚያ ዓመት ሰባት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ቡድኑ አምስት አሸንፎ ጨረሰ። ተጋጣሚው እንደ 2013ቱ ሲያትል መሆኑ አጋጣሚ ነው። የተጎዳን ልጅ ማሰለፍ ግን አጋጣሚ አይባልም። ጥሩ ምርጫና ምርጫውን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን ማርክ ሰጪዎቹ አይፈትኑትም።

በዚሁ በ2025 በሦስተኛው ተራ የተመረጠው የኒው ኢንግላንዱ ድሬክ ሜይ ቡድኑን እስከ ሱፐር ቦውል አደረሰ። ከዓመት በፊት «ዋሽንግተን ከሁለቱ ትክክለኛውን መረጠ» ሲሉ የነበሩት ሰዎች አሁን ሜይን እያሞገሱ ነው። እኔ ለሁለቱም አልቸኩልም። አንደኛ ዙር ለተመረጠ ልጅ ቡድኑ አምስተኛ ዓመት ለመጨመር የሚወስነው ከሦስተኛው የውድድር ዓመት በኋላ ነው፤ ለእነዚህ ልጆች ያ 2027 ጸደይ ነው። ለዳንኤልስ ማርክ ስሰጥ ከያርዱ እኩል የምቆጥረው፣ ከፊቱ የቆሙት ስንት ጨዋታ በሁለት እግሩ ቆሞ እንዲጨርስ እንዳደረጉት ነው።