ሐይቁ የሚጠጣው ሙቀት

ኪዋቱሌ ውስጥ የቤት ማሞቂያ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። የካምፓላ ሌሊት ከ16 ወይም ከ17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እምብዛም ስለማይወርድ አንድ ብርድ ልብስ ይበቃል። በዚያው በናካዋ ክፍለ ከተማ ሌላኛው ጫፍ፣ በቀጥታ መስመር አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ የፖርት ቤል ወደብ አለ። ከወደቡ ወዲያ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ፣ በዚያው ሌሊት፣ የሰው ጥርስ ይንቀጫቀጫል።

ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል። ሐይቁ የሚገኘው በምድር ወገብ ላይ ነው፤ የላይኛው ውሃም ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ድረስ ይሞቃል። የሚያንዘፈዝፈው ግን የአየሩ ቅዝቃዜ ብቻ አይደለም። ሸሚዝን ያራሰ ውሃ በነፋስ ሲተን ሙቀቱን የሚወስደው ከገላ ነው። ሐይቁ ደግሞ በሌሊት ነጎድጓዱና ዶፍ ዝናቡ የታወቀ ነው። ሙኬኔ የምትባለውን ትንሽ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች በመብራት ስለሚስቧት ጨረቃ የሌለበትን ሌሊት ይመርጣሉ። ሥራቸው የሚጀምረው ሌላው ሰው ሲተኛ ነው፤ መረብ ሲጎትቱም እስከ ክንዳቸው ይርሳሉ።

ከኋላቸው ደግሞ እሳት አለ። በጣውላ በተሠራው የሴሴ ጀልባ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለው የቤንዚን ሞተር የሐይቁን ውሃ እየሳበ ሰውነቱን ያቀዘቅዝበታል፤ ከዚያም መልሶ ይተፋዋል። በጎኑ በኩል እንደ ቀጭን ክር የሚፈስ ውሃ ይታያል። ሞተረኛው በየጊዜው ዘወር እያለ ያየዋል፤ ውሃው ከቆመ ፓምፑ ተበላሽቷል፣ ሞተሩም ሊነክስ ነው ማለት ነው። እጅ ቢዘረጉበት ለብ ያለ ነው። ከሞተሩ ለጀልባው ሰው የሚደርሰው ሙቀት ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ጭሱ በፕሮፔለሩ አካባቢ ውሃ ውስጥ ይለቀቃል፤ ሞተሩም ከጀልባው ውጭ ነው።

ምን ያህል ሙቀት እንደሚባክን ማስላት አያስቸግርም፤ ለምሳሌ ከጀልባው ሆድ ውስጥ የተተከለ የናፍጣ ሞተር እንውሰድ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ከዚህ ሲሶው ወይም ትንሽ ከፍ የሚለው ነው። ሲሶ የሚጠጋው በማርሚታ ይወጣል፤ ሩብ ወይም በለጥ የሚለውን የማቀዝቀዣው ውሃ ይዞት ይሄዳል። በሰዓት 5 ሊትር የሚጠጣ ሞተር በማቀዝቀዣው ውሃ ብቻ ከ12 እስከ 14 ኪሎዋት ይጥላል። አራት የኤሌክትሪክ ምጣድ ለኩሶ አንድም እንጀራ ሳይጋግሩ እንደ መዋል ነው።

ይህን ሙቀት መያዝ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋት የሚነሳ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። የመኪና ማሞቂያ ማለት ከዳሽቦርዱ ጀርባ የተቀመጠች ትንሽ ራዲያተርና አንድ ቬንቲሌተር ናት። የአላስካ ዓሣ አጥማጆች ይህንኑ ገልብጠው ጀልባቸው ውስጥ ገጥመዋል፤ ሬድ ዶት የሚባለው የማሞቂያ ስም እዚያ የታወቀ ነው። የእንግሊዝ የቦይ ጀልባዎች ደግሞ ሙቁን ውሃ በተሸፈነ በርሜል ውስጥ በተጠቀለለ ቱቦ ያሳልፉታል። 50 ሊትር ውሃ ከ25 ወደ 65 ዲግሪ ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ስለሚበቃ፣ ቱቦው ደህና ከሆነ ጀልባው ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዞ ሲቆም የመታጠቢያው ውሃ ደርሷል። በርሜሉ በደንብ ከተሸፈነም እስከ ነገ ጠዋት ይቆያል።

እዚህ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ጋራዦችን የሚመለከት አንድ ወቀሳ አለ። ሞተር ሲግል የመጀመሪያው መፍትሔ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ሆኗል፤ አዲስ አበባም ካምፓላም ልማዱ አንድ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደንብ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ነዳጅ ይበላል፤ ማሞቂያውም ቀዝቃዛ አየር ይነፋል። ሙቀት ለመሰብሰብ ያሰበ ሰው ሥራውን ከዚያች የመዳፍ ግማሽ ከማታክል ዕቃ ይጀምራል።

አደጋው ያለው ማርሚታው ላይ ነው። የጭሱ ሙቀት ብዙ ስለሆነ ቱቦውን በሰው መቀመጫ ሥር ማሳለፍ ያጓጓል። ዝገት አንድ ቀዳዳ ከከፈተ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገባል፤ አይሸትም፣ አይታይም። በራቸውን ዘግተው ከሰል ያነደዱ ቤተሰቦችን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ስለዚህ በትናንሽ ጀልባዎች ሰው የሚሞቀው በውሃው ነው፤ ጭሱ ለትልልቆቹ ይተዋል።

ትልልቆቹ ከጭሱ ብዙ ያተርፋሉ። በቪክቶሪያ ሐይቅ የእንፋሎት ዘመን የተጀመረው ከስኮትላንድ በቁርጥራጭ መጥታ ኪሱሙ ላይ የተገጣጠመችው ዊሊያም ማኪኖን የተባለች መርከብ በ1900 እ.ኤ.አ. ውሃ ላይ ስትወርድ ነው፤ በእንፋሎት መርከብ ላይ የሙቀት ችግር የለም፣ ችግሩ መብዛቱ ነው። ከፖርት ቤል ወደ ምዋንዛ የባቡር ፉርጎ ለማጓጓዝ የተሠሩት ካዋና ፓምባ የተባሉ መርከቦች ግን በናፍጣ ይሄዳሉ።

በውቅያኖስ መርከቦች ላይ ከጭሱ የማትረፉን ሥራ በየቀኑ በእጃቸው የሚነኩ ኢትዮጵያውያን አሉ። በአገር ውስጥ የማሪታይም ማሰልጠኛ የሠለጠኑ የመርከብ መሐንዲሶች በዓለም ባሕሮች ይሠራሉ። እዚያ የዋናው ሞተር ጭስ ከመውጣቱ በፊት በቦይለር ውስጥ አልፎ እንፋሎት ያፈላል። እንፋሎቱ እንደ ሬንጅ የሚወፍረውን ከባድ ነዳጅ ያቀጥነዋል፤ ነዳጁ ወደ ሞተሩ ከመረጨቱ በፊት ብዙ ጊዜ ከ120 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። የመኝታ ክፍሎችም በዚያው ይሞቃሉ። 80 ዲግሪ ገደማ የሚደርሰው የማቀዝቀዣ ውሃ ደግሞ አየሩ በተመጠጠ ጋን ውስጥ የባሕር ውሃን በዝቅተኛ ሙቀት አፍልቶ የሚጠጣ ውሃ ያወጣል። ባሕር ወደብ የሌላት አገር ልጅ ሕንድ ውቅያኖስ መሐል የሚጠጣው ውሃ በሞተር ትርፍ ሙቀት የተጣራ ነው።

ጣና በሞቃቱ ቪክቶሪያና በቀዝቃዛው አላስካ መሐል ላይ ይቆማል። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ በታኅሣሥና በጥር ጠዋቱ ይቆረጥማል፤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት በማለዳ የሚሻገር መንገደኛ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይከናነባል። የጉዞ ሰዓቱ አጭር ነው፤ ጀልባዋ ስትደርስ ሞተሩ ይጠፋል፣ ሙቀቱም አብሮ ይቆማል። የትርፍ ሙቀት ትልቁ ድክመትም ይኸው ነው፦ የሚገኘው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ሰው ግን ቆሞ ሲጠብቅም ይበርደዋል። ለማሞቅ ሲባል ብቻ ሞተር ማስነሳት ነዳጅ ማባከን ነው፤ ናፍጣ ሞተር ያለ ጭነት ብዙ ሲሠራም ጥላሸት ያጠራቅማል።

የሙኬኔ አጥማጆች ችግርም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። መብራቱ ዓሣውን እስኪሰበስብ ሞተሩን አጥፍተው ይጠብቃሉ። በፊት ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ፋኖስ በላምባ የሚሠራ ስለነበር፣ ለማስተካከል የተጠጋ ሰው መዳፉን ከፍ አድርጎ ይዞ ትንሽ ይሞቅበት ነበር። አሁን በባትሪ የሚሠራው ኤልኢዲ እየተካው ነው። ላምባ ያስቀራል፣ በነፋስ አይጠፋም፣ እሳትም አያስነሳም። መዳፍ ግን አያሞቅም፤ ከርካሽ የዝናብ ልብስና ከሕይወት አድን ጃኬት ሌላ ለዚያ ሌሊት የተገኘ ነገር የለም።